በፈቃድ ስለ መሥራት

በ2010 ዓ.ም. ከመምህርነት ሥራ በጡረታ በተሰናበትሁ ጊዜ ወዳጆቼ ሁሉ «እንግዲህ ይብቃህ፤ ዕረፍ» ብለው መከሩኝ። ምክራቸው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አልተቃወምሁም፤ ነገር ግን ዕረፍት የሚሉት ነገር ለመምህር እንዴት ያለ ቅጣት እንደ ሆነ የሚያውቀው መምህር ብቻ ነው። ጧት ሁለት ሰዓት ሲሆን ጆሮ ደወል ይጠብቃል፤ ደወሉ ግን የለም። ስለዚህ ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ በሀብሩ ወረዳ ባለች በአንዲት ትንሽ የገጠር ቀበሌ የወጣቶች ክበብ እናቋቁምና እርዳን ብለው ሰዎች በጠሩኝ ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት እንኳ በቅጡ ሳልጠይቅ እሺ አልሁ።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ክበብ ነው፤ ይልቁንም በዚያ ክበብ ውስጥ እኔ ራሴ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው። ጥፋቱን ለመናገር ግን አስቀድሞ ክበቡ ምን እንደ ነበረ ማስረዳት ያስፈልገኛልና ጥቂት ታገሡኝ።

እንዲህ ያለው የገጠር ልጆች ክበብ መነሻው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በኦሃዮ፣ አልበርት ግራሃም የሚባል የገጠር ትምህርት ቤቶች ኃላፊ የገበሬ ልጆችን እየሰበሰበ በቆሎና አትክልት ያስዘራቸው፣ የየማሳቸውን አፈር ያስመረምራቸው ጀመር። አሳቡ ቀላል ነበር። አባቶች ከኮሌጅ የወጣ አዲስ የአዘራር ዘዴ ሲነገራቸው በጥርጣሬ ያዩታል፤ እነሱና ቤተሰባቸው የሚኖሩት በዚያች ማሳ ላይ ነውና ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። ልጅ ግን ይሞክራል። ልጁ በትንሽ መደቡ ላይ ያበቀለውን አባት በዓይኑ ካየ ደግሞ ሌላ ስብከት አያሻውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክበቦቹ ባለ አራት ቅጠል አረንጓዴ ምልክት ያዙ፤ አራቱ ቅጠሎች ራስ፣ ልብ፣ እጅና ጤና ናቸው። በእንግሊዝኛ አራቱም ቃላት በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ስሙ ፎር ኤች ተባለ። በአማርኛ ፊደሉ አይገጥምም፤ እኛ ግን የተበደርነው ነገሩን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

የኛም ክበብ በዚህ ሥርዓት የተቋቋመ ነው። ዕድሜው ከ10 እስከ 18 ዓመት የሆነ ልጅ ሁሉ ይገባል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የራሱ የሆነ ሥራ ይይዛል፤ አንዱ የሽንኩርት መደብ፣ ሌላው ዶሮ፣ ሌላው የማንጎ ችግኝ፣ ሌላው ማሽላ። የሠራውን፣ ያወጣውን፣ ያገኘውንና የጠፋበትን በገዛ እጁ በደብተር ይጽፋል። ሊቀ መንበሩን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ልጆቹ ከመካከላቸው ይመርጣሉ፤ የቅዳሜውን ስብሰባ የሚመሩትም እነሱ ናቸው። አዋቂዎች ከኋላ ይቀመጣሉ። ይህ ከኋላ መቀመጥ የሚባለው ነገር ሲጽፉት ቀላል ነው፤ አርባ ዓመት ከፊት ለቆመ መምህር ግን እንደ ሁዳዴ ጾም ይረዝማል።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ከታሪኬ ተራ ግን ጊዜውን ቀድሜ ነው የምናገረው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት አንድ የ14 ዓመት ልጅ ማሽላ ልዝራ ብሎ አባቱን መሬት ለመነ። አባቱም ከማሳው ሁሉ የማይረባውን፣ አቀንጭራ የወረሰውን ጥግ ሰጠው። በሀብሩ ቆላ አቀንጭራን የማያውቅ ገበሬ የለም። አበባዋ ሐምራዊ ነው፤ ለዓይን ታምራለች፤ ከመሬት በታች ግን ከማሽላው ሥር ተጣብቃ ምግቡን ትመጥበታለች። አንዲት ተክል በአሥር ሺህ የሚቈጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጥግ ለልጅ መስጠት «ተጫወትበት» እንደ ማለት ነው።

የቀበሌው የልማት ሠራተኛ፣ አንዲት ትጉህ ወጣት፣ አቀንጭራን የሚቋቋም «ጎብዬ» የሚባል ዘር ፈልጋ አገኘችለት። ከጎብዬ ጋራ አብሮ የተገኘው ሌላው ዘር «አብሽር» ይባላል፤ እኛ በወሎ ያዘነን ሰው የምናጽናናው በዚሁ ቃል ስለ ሆነ ስሙን ስሰማ ደስ ይለኛል። ለእነዚህ ዘሮች መገኘት የደከሙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። እሳቸውም በምዕራብ ሸዋ፣ በወለንኮሚ፣ በሣር ጎጆ ያደጉ የገጠር ልጅ ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለ ነበር እሑድ በእግራቸው ሄደው፣ ሳምንቱን እዚያው ሰንብተው፣ ዓርብ በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በማሽላ ላይ ስለ ሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለሙ። ይህን ለክበቡ ልጆች በነገርኋቸው ጊዜ አንዱ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ሽልማቱ ስንት ብር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የእግር መንገዱን እንዲያስቡልኝ ነበር የፈለግሁት።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ማሽላው ሲታጨድ ያ የተናቀ ጥግ ከአባትየው ማሳ የተሻለ እህል ሰጠ። አባትየው ቆሞ አየና «አገዳው አጭር ነው፤ ላሚቱ ምን ልትበላ ነው?» አለ። እውነቱን ነው፤ ለገበሬ ማሽላ እህል ብቻ አይደለም፤ አገዳው መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ልጁም ሁለቱን ነገር፣ የእህሉን መብዛትና የአገዳውን ማጠር፣ በደብተሩ ጻፈ። በሚቀጥለው ክረምት አባትየው ለልጁ በቀጥታ ሳይናገር በእናትየው በኩል አንድ ጣሳ ዘር አስጠየቀ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልመለስ። ክበብ እንዲህ የሚሆነው ከልጆቹ ኋላ ሳምንት እየጠበቀ የሚቀመጥ አዋቂ ሲገኝ ነው፤ ከባዱም ነገር እሱን ማግኘት ነው። የኛ ትውልድ በፈቃድ መሥራትን ከትእዛዝ ለይቶ አልተማረም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተናል፤ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ፊደል አስተማርን፤ ጉድጓድ ቈፈርን፤ ችግኝ ተከልን። ሆኖም ያልዘመተ ትምህርቱን አይቀጥልም ተብሎ ስለ ነበር «ፈቃድህ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ገበሬውን «ፈቃድዎ ነው ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ዘመቻው ሲያልቅ የተከልነውን የሚያጠጣ ሰው ሳናዘጋጅ ጓዛችንን ጭነን ሄድን።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ዘመን መጣ፤ የውሎ አበል ዘመን። ክበቡን በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ስንጀምር አንድ የእርዳታ ድርጅት አዋቂዎችን ለማሠልጠን በመርሳ ስብሰባ ጠራ። አዳራሽ ተከራየ፤ ሻይና ዳቦ ቀረበ፤ አበል ተከፈለ። 31 ሰዎች «በጎ ፈቃደኞች ነን» ብለው ፈረሙ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያለ አበል ስንጠራ 12 መጡ፤ ወሩ ሳይሞላ የቀሩት 4 ናቸው። እኔም ተቈጥቼ የመንደሩን ሰው ገንዘብ ወዳድ ነው ብዬ ማማት ጀመርሁ።

ሐሜቴ ከመንደሩ የቅሬ ዳኛ ጆሮ ደረሰ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ በወሎ ቅሬ እንለዋለን፤ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ኀዘንተኛውን የሚያጽናናው ማኅበር ነው። ዳኛው ፊደል አልቈጠሩም፤ ሰው ግን ይቈጥራሉ፤ በቀብር ላይ ማን እንደ ቀረ ሳይጽፉ ያውቃሉ። ቤታቸው አስጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ በሰው አይፍረዱ። መጀመሪያ የሰውን ቀን በብር ገዛችሁት። ዋጋ ካወጣችሁለት በኋላ በነፃ አምጣ አላችሁት። ቅሬ ሲጠራስ ማን ይከፍላል? ገበሬው ቀምበር ፈትቶ፣ ነጋዴው ሱቅ ዘግቶ ይመጣል፤ ሬሳው የሁሉም ነዋ! ልጆቹን የድርጅቱ አደረጋችኋቸው። የኛ አድርጓቸው።»

በሌላው ሳምንት ቅሬው በተሰበሰበበት ልጆቹን አቆምናቸው፤ ምን መሥራት እንደሚፈልጉ ራሳቸው ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ የየጎጡ ቅሬ ለአንድ ዓመት ሁለት አዋቂ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ለክበቡ ይሰጣል፤ ለተሰጡትም ሰዎች በቀብር ጊዜ ከሚደርስባቸው እንጨት መልቀምና ውሃ መቅዳት ፈቃድ ያገኛሉ። ይህ ክፍያ አይደለም ወይ ያለኝ ሰው ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ብር ያልሆነ ነገር ሁሉ ክፍያ ከተባለ ምስጋናም ክፍያ ሊባል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከተሰጡን መካከል አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ዲያቆን፣ የአንድ ሼህ ልጅና ዶሮ በማርባት የታወቁ አንዲት እናት ነበሩ። እኚህ እናት በስብሰባ ላይ ሁሉ ፈትላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እንዝርቱ ሲቆም ልጆቹ የተሳሳተ ነገር እንደ ተናገሩ ያውቃሉ።

ሥራው ቀና። ሲቀና ደግሞ የኔ ፈተና መጣ።

በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። ክበቡን አይተው ደስ ካላቸው በወልድያ ዙሪያና በሀብሩ ባሉት ሌሎች ቀበሌዎች እንዲስፋፋ ገንዘብ ይሰጣሉ ተባለ። ከሁለት ቀን በፊት የልጆቹን ደብተሮች ከትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን አውጥቼ መመርመር ያዝሁ። ብዙዎቹ ደኅና ነበሩ። ከአያቷ ጋራ የምትኖር አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ በታኅሣሥ ወር ከክበቡ 5 ቄብ ዶሮዎች ተቀብላለች። የሷ ደብተር እንዲህ ይላል፦

«ሚያዝያ 12፦ በእንቁላል ብር ከገበያ አንድ ቄብ ገዛሁ። ዋጋዋ ርካሽ ነበር። ሚያዝያ 17፦ የገዛኋት ሞተች። ሚያዝያ 22፦ ሁለት ሞቱ። አንገታቸው ዞሮ ነበር። ሚያዝያ 24፦ ሁለት ሞቱ። አንዲት ቀረች።»

ጽሑፉ በእርሳስ ነበር። ላጲስ አነሣሁ። ከሚያዝያ 12 ጀምሮ ያለውን ሁሉ ደመሰስሁና የልጅቱን ጽሕፈት አስመስዬ «ዶሮዎች 5፤ ጤናቸው ደኅና ነው» ብዬ ጻፍሁ። ለራሴ የሰጠሁትም ምክንያት ያማረ ነበር፤ አንዲት ልጅ ስላልቀናት በየቀበሌው የሚጠብቁት ብዙ ልጆች ዕድላቸው አይዘጋ አልሁ። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ኅሊናው ቶሎ ይነቃበታል፤ ለሌላ ሰው ጥቅም የዋሸ ሲመስለው ግን ኅሊናው አብሮት ላጲስ ይይዛል።

እንግዶቹ መጡ። ልጆቹ ስብሰባቸውን በሥርዓት መሩ፤ እኔም ከኋላ ተቀመጥሁ። ከእንግዶቹ አንዲቱ የዚያችን ልጅ ደብተር ገልጣ በአስተርጓሚ «ዶሮዎችሽ እንዴት ናቸው?» ስትል ጠየቀቻት።

«አንዲት ናት ያለችኝ» አለች ልጅቱ።

እንግዳይቱ ደብተሩን አየች። ልጅቱም አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች፤ ደብተሩ የሷ ነው፣ ጽሑፉ የሷ አይደለም። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያን ጊዜ ተነሥቼ እውነቱን መናገር እችል ነበር። እኔ ግን ፈገግ ብዬ «ልጅቱ ሰው ፊት ስትቆም ትደናገራለች» አልሁ። አስተርጓሚው ተረጐመ። እንግዶቹ በርኅራኄ ሣቁ፤ ከልጆቹም የሣቁ ነበሩ። በላጲስ የሠራሁት በደል በሥውር ነበር፤ ይህኛው ግን በአደባባይ ነው፤ እውነት የተናገረችውን ልጅ በጓደኞቿ ፊት ቀባጣሪ አደረግኋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። በሌላውም፣ ከዚያም በኋላ ባለው ቅዳሜ ቀረች።

ጥፋቴን ሳላውቅ አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ። እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ከመምህሮቻችን አንዲት ፈረንጅ ሴት ለእያንዳንዳችን አንዳንድ የጎመን መደብና አንዳንድ ደብተር ሰጥታን ነበር። እኔ ኳስ ስከተል ውሃ ማጠጣቱን ትቼ ጎመኔ ደረቀ። ሒሳቡ በሚታይበት ቀን ፈራሁና «20 ራስ ጎመን» ብዬ ጻፍሁ። መደቡ ከክፍሉ መስኮት ሥር ስለ ነበር ውሸቴን ለማወቅ አንገት ማቅናት ብቻ ይበቃት ነበር። ግን አልመታችኝም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ደብተሩን መልሳ ከፊቴ አኖረችና በተሰባበረ አማርኛዋ «ይህ ጎመን የማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በገዛ እጄ ሰርዤ ዜሮ እስክጽፍ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ። በተማሪነቴ ካገኘኋቸው ማርኮች አብዛኞቹን ረስቻለሁ፤ ያችን ዜሮ ግን አልረሳኋትም፤ የኔ ነበረችና። አርባ ዓመት ካስተማርሁ በኋላ ለአንዲት ልጅ ያልተሰጣትን አምስት ዶሮ ጽፌ የራሷን አንድ ወሰድሁባት።

መርሳ ገበያ ሄጄ አምስት ዶሮ ገዝቼ ልካሳት አሰብሁ። የቅሬውን ዳኛ ባማክራቸው ነገሩን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙኝና «የጠፋባት እኮ ዶሮ አይደለም» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በአራተኛው ሳምንት ባዶ እጄን፣ ደብተሩን ብቻ ይዤ፣ ወደ አያቷ ቤት ሄድሁ። በኛ አገር ሽማግሌ ልጅን ይቅርታ መለመን አልተለመደም፤ ሲበዛ አንድ ነገር ገዝቶ ይሰጥና ፀጉሯን ዳሰስ አድርጎ ያልፋል። መንገዱን ሁሉ ከዚህ ያነሰ የሚያሳፍር ዘዴ ስፈልግ ሄድሁ፤ ሳላገኝ ደረስሁ። አያትየው ቡና አፍልተው ነበር። «ግቡ መምህር፤ ሁለተኛው ላይ ደረሱ» አሉኝ። ልጅቱ ከጓዳው ደጃፍ ቆማ ነበር። ስኒውን ሳልቀበል ተናገርሁ፦

«ደብተርሽን የደመሰስሁት እኔ ነኝ፤ በሰው ፊትም ያዋረድሁሽ እኔ ነኝ። አንቺ እውነት ነው የተናገርሽው። ይቅር በይኝ።»

ልጅቱ ምንም አላለችም። አያትየው የያዙትን ጀበና ቀስ ብለው አስቀመጡና «እኔ እኮ መትቻታለሁ» አሉ። «በእንግዳ ፊት ቀባጥራ መንደሩን አሳፈረች ሲሉኝ፣ በቡናው እንጨት መትቻታለሁ። 'መምህር ይዋሻሉ ወይ?' ብዬ ነው የመታኋት።» ይህን ብለው ልጅቱን ወደ እሳቸው ሳብ አደረጓትና «አብሽሪ ልጄ፤ አብሽሪ» እያሉ ጀርባዋን ያሻሹ ጀመር። እኔ መሬት መሬት ሳይ ቆየሁ።

ብዙ ከቆየን በኋላ ልጅቱ «ደብተሬስ?» አለችኝ። ሰጠኋት፤ እርሳስም አቀበልኋት። እርሳሱን አየችውና «እስክሪብቶ የለዎትም?» አለች። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። የኔን ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ከሥሩም ያንኑ ከሚያዝያ 12 እስከ 24 ያለውን ታሪክ አንድ ቀን ሳትስት ከአእምሮዋ ጻፈችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከልጆቹ ፊት ቆማ አነበበችው። «አንገታቸው ዞሮ ነበር» ስትል የዶሮ አርቢዋ እናት እንዝርት ቀጥ አለ። «ፈንግል ነው» አሉ። «ያች የርካሽዋ ናት ያመጣችው። ሻጩ አውቆ ነው ያረከሳት።» የልማት ሠራተኛዋ ተነሥታ ቀኖቹን በሰሌዳ ላይ ጻፈችና ለልጆቹ አስረዳች፦ ፈንግል ዶሮ ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከገበያ ደኅና መስላ የመጣች ዶሮ በሳምንቱ ቤት ያሉትን ሁሉ ልትፈጅ ትችላለች። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል፤ በዶሮዋ ዓይን አንድ ጠብታ የሚደረግና ሙቀት ቶሎ የማያበላሸው ዓይነት ስላለ ለገጠር ይመቻል፤ ነገር ግን በየሦስትና በየአራት ወሩ መደገም አለበት። ክበቡ በዚያው ቀን ሁለት ነገር ወሰነ። አዲስ የተገዛች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቀመጥ፤ የክትባቱንም ወር ገንዘብ ያዡ በደብተር መዝግቦ ያስታውስ። ከዚያች ልጅ ደብተር በፊት በመንደሩ ዶሮ በየዓመቱ ያልቅ ነበር፤ ከየት መጣ ብሎ ቀን የቈጠረ ግን አልነበረም። እኔ በላጲስ የደመሰስሁት ይህንን ነው።

የቅሬው ዳኛ ለልጅቱ ይቅርታ መለመኔ በቂ አልመሰላቸውም። «እንግዶቹም ውሸት ይዘው ሄደዋል» አሉኝ። ደብዳቤ ጽፌ ነገሩን ሁሉ ገለጽሁላቸው። በጨዋነት መለሱልኝ፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። በደብዳቤዬ ምክንያት ነው ብለው የወቀሱኝ ሰዎች ነበሩ፤ በአንድ ዓመት 20 ክበብ ሊቋቋም ታቅዶ ነበርና መቈጨታቸው አያስደንቅም።

ስለዚህ ክበቡ ባለው ኀይል፣ ከቅሬ ወደ ቅሬ፣ በእግር ሄደ። ሕግ አወጣን፤ ሌላ ጎጥ ክበብ ሲፈልግ አስቀድሞ ሁለት አዋቂዎቹ አንድ የዝናብ ወቅት ሙሉ በኛ ክበብ ከኋላ ይቀመጡ፤ ዝም ማለት የቻሉ እንደ ሆነ ሄደው የራሳቸውን ይጀምሩ። ብዙዎች ዝም ማለቱ አቅቷቸው ቀሩ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቹ ሥራቸውን በየቤታቸው ቀጠሉ፤ በጎ ፈቃደኞቹም ከቤት ቤት እየዞሩ ደብተር ያዩ ነበር። እንዲህ እያለ በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ክበብ ሆነ፤ ሦስቱ በሀብሩ፣ አንዱ ወልድያ አጠገብ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ከተነሣው ግጭት ወዲህ ከአራቱ ሁለቱ ተቋርጠዋል።

ሌላም ነገር ተለወጠ። ያች ልጅ ደብተሯን ከዚያ ወዲያ በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አላስቀምጥም አለች። ቁልፉ ያለው እኔ ዘንድ ስለ ነበር ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ነገሩ በስብሰባ ቀርቦ በድምፅ ተወሰነ፤ ደብተር ሁሉ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ በየልጁ ቤትም ይቀመጥ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በሕወሓት ኀይሎች እጅ ገቡ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ቆዩ። ሰዉ ግማሹ ወደ ደሴና ወደ ሌላም አገር ተሰደደ፤ ግማሹ በቤቱ ተከቶ ከረመ። በጥር ወር ወደ ትምህርት ቤቱ ስመለስ ቁም ሣጥኑ ተሰብሮ፣ ወንበሮቹ ለማገዶ ተፈልጠው፣ የተማሪዎች መዝገብ ለእሳት ማያያዣ ሆኖ አገኘሁት። ልብስ ሰፊው ከሄደበት አልተመለሰም ነበር። የዶሮ አርቢዋ እናት ዶሮዎች አንድም አልቀሩ።

ጥር 14 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ማንም ሳይጠራቸው ዘጠኝ ልጆች መጡ። ወንበር ስላልነበረ በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔና የቅሬው ዳኛም ከኋላቸው ድንጋይ ፈልገን ተቀመጥን። ያች ልጅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆናለች፤ በዚያ ዓመትም የክበቡ ጸሐፊ ነበረች። ከነጠላዋ ሥር ሁለት ደብተር አወጣች፤ አንዱ የራሷ፣ ሁለተኛው የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ነው። ሊቀ መንበሩ ከተሰደዱት አንዱ ስለ ነበር ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ዝም አልሁ። እሷም ደብተሩን ገለጠችና «ያለፈው ስብሰባ የተደረገው ሐምሌ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው» ብላ ማንበብ ጀመረች።